ለቀላል የእጥበት ጭረት የትኛው ፖሊሽ? ከመግዛታችሁ በፊት የሚነበብ ንጽጽር

ማታ ነው ያየሁት። ነዳጅ ለመቅዳት ወረፋ ይዤ ቆሜያለሁ። የማደያው መብራት የጥቁሯ ኮሮላዬ ኮፈን ላይ አርፏል። በመብራቱ ዙሪያ ቀጫጭን ጭረቶች ክብ ሠርተው፣ የሸረሪት ድር መስለው ያበራሉ። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው ያሳጠብኳት። ቀን ላይ ምንም አልታየኝም ነበር።

በሳምንቱ አንድ ላቫጆ ወሰድኳት። «በማሽን እናነሳልሃለን» አሉኝ። ከትልቅ ጣሳ ወፍራም ክሬም አውጥተው ኮፈኑን ቀቡና በማሽን ፈጉት። ማታ ስረከባት መስታወት መስላለች። ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ። ሦስት ጊዜ ካሳጠብኳት በኋላ ግን የሸረሪት ድሩ ተመለሰ። በዚያ ላይ ሌላ ጣጣ ተጨመረ፤ ፀሐይ ላይ ሲያዩት የማሽኑ መሄጃ እንደ ማዕበል ይታያል። የኮፈኑ ጠርዝ ላይ ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ደብዝዛ ቀረች። ከቀለሙ በላይ ያለው ብርጭቆ መሰል ሽፋን፣ ክሊሩ፣ እዚያ ጋ ተበልቶ አልቋል። ይህን ምንም ፖሊሽ አይመልሰውም። ቀለም ቤት ነው የሚያስገባው።

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እዚያ እንዳይደርስ ነው። ቀላል ጭረት የሚፈልገው መድኃኒት ቀላል ነው። የሚያስቸግረው እኛ ገበያ ላይ «ፖሊሽ» የሚለው ቃል ነው። ሰሙም ፖሊሽ ይባላል፤ ኮምፓውንዱም ፖሊሽ ይባላል፤ ዳሽቦርድ ላይ የሚረጨውም ፖሊሽ ነው። አንዱ ክሊር ይፍቃል፣ ሌላው ጭረት ይሞላል፣ ሦስተኛው ያብለጨልጫል እንጂ ጭረቱን አይነካውም። ሻጩ «ፖሊሽ አለ» ሲላችሁ ከነዚህ የትኛውን እንደያዘ ገና አላወቃችሁም።

መጀመሪያ ጭረቱን እዩት

የዛሬ መኪና ቀለም ድርብርብ ነው። ላሜራው ላይ ፕራይመር አለ፤ ከዚያ ቀለሙ ይመጣል፤ ከላይ ደግሞ ክሊር የምንለው፣ ብርጭቆ የሚመስለው ሽፋን አለ። ከፋብሪካ እንደወጣ በቆየ መኪና ላይ ክሊሩ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ነው። ቀለሙን ከፀሐይ የሚጠብቀው ሽፋን እንግዲህ ከአንድ ዘለላ ፀጉር ይቀጥናል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ፀሐዩ ከቆላው ይበልጥ ቀለም ይበላል። ክሊሩን መቆጠብ እዚህ በጣም ዋጋ አለው።

ቀላል የእጥበት ጭረት ያለው በዚህ ክሊር የላይኛው ገጽ ላይ ነው። የሚያመጣው አቧራ የያዘ ጨርቅ ነው፤ መሬት ወድቆ የተነሳ ስፖንጅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ደረቁን መኪና የምንወለውልበት መወልወያ ነው። ጭረቱ በእውነቱ ክብ አይደለም። በየአቅጣጫው ነው የተጫረው። ግን መብራት ሲያርፍበት በመብራቱ ዙሪያ የዞሩት ጭረቶች ብቻ ብርሃኑን ወደ ዓይናችን ስለሚመልሱ ክብ ይመስለናል።

ጭረትን በፖሊሽ ማጥፋት ማለት ዙሪያውን ያለውን ክሊር የጭረቱ ወለል ድረስ ዝቅ ማድረግ ነው። ጭረቱ «ይወጣል» እንላለን እንጂ የሚወጣው ክሊሩ ነው። ለቀላል ጭረት ከ1 እስከ 3 ማይክሮን አካባቢ ማንሳት ይበቃል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ሞክሩ። መኪናውን በደንብ አጥባችሁ በስልካችሁ ባትሪ ከቅርብ እዩት። ፀሐይ ካለ ፀሐዩ ይሻላል። ቀጥሎ ጥፍራችሁን ጭረቱ ላይ በቀስታ አሳልፉ። ጥፍር ከያዘ ጥልቅ ነው፤ ከዚህ በታች ከማነሳቸው አንዱም በደህና አያጠፋውም። ጥፍር ካልያዘ ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ። በመጨረሻም የማይታይ ጥግ ላይ ትንሽ ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ እሹ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ያ መኪና ክሊር የለውም። ድሮ የተቀቡ ዲኤክሶችና ጋራዥ ውስጥ እንደገና የተቀቡ ብዙ መኪኖች እንዲህ ናቸው። እነሱም ፖሊሽ ይደረጋሉ፤ ግን የምትፍቁት ራሱን ቀለሙን መሆኑን አውቃችሁ ነው።

በምን እንመዝናቸው

የብራንድ ስም ለጊዜው እንተወው። እኔ ጠርሙስ ሳነሳ የምጠይቀው ይኸን ነው።

መጀመሪያ፦ ያጠፋል ወይስ ይደብቃል? ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። አንዳንዱ ክሬም በውስጡ ዘይትና የሚሞላ ነገር አለው። ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይተኛና ለዓይን ይሸፍነዋል። ጥቂት ጊዜ ሲታጠብ ይወጣል። የእኔን መኪና ያሳመራት አንዱ ይኸው ነበር። ማወቂያው ርካሽ ነው። ከኮሮና ጊዜ ጀምሮ ሁላችንም ቤት ያለውን 70 በመቶ አልኮል አንድ እጁን በሁለት እጅ ውሃ አቅጥኑ። የተሠራው ቦታ ላይ ርጩና ለስላሳ ጨርቅ አሳልፉበት። ዘይቱ ይነሳል። ጭረቱ ከተመለሰ አልጠፋም ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ ኃይሉ። ፖሊሽ ውስጥ ፋቂ ዱቄት አለ፤ በጣም የደቀቀ ብርጭቆ ወረቀት እንደማለት ነው። ዱቄቱ ሻካራ ከሆነ ቶሎ ይፍቃል፤ ግን የራሱን ጭረት ይተዋል። ረቂቅ ከሆነ በዝግታ ይፍቃል፤ የሚተወው ገጽ ግን ንጹህ ነው። ለቀላል ጭረት ሁልጊዜ ከረቂቁ ጀምሩ።

ሦስተኛው በእጅ መሥራት መቻሉ ነው። ይህን ሻጭ አይነግራችሁም። አንዳንዱ ፋቂ ዱቄት ሲታሽ እየደቀቀ የሚሄድ ነው። ሲጀምር ይፍቃል፣ ሲደቅ ያለሰልሳል። ለመድቀቅ ግን የማሽን ፍጥነት ይፈልጋል። በእጅ ስታሹት ሳይደቅ ይቀርና ጭጋግ ይተዋል። ሌላው ዓይነት መጠኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነው። እሱ በእጅም ይሄዳል፤ ድካሙ ግን አለ።

የሚተወውን ገጽም እዩ። ነጭና ሲልቨር መኪና ብዙ ይሸሽጋል። ጥቁር፣ ሰማያዊና ቀይ ምንም አይሸሽጉም። ለነዚህ የመጨረሻው ንካት ረቂቅ ካልሆነ ደስ አይላችሁም።

አምስተኛ፣ ሲሊኮንና ሰም አለው ወይ? በኋላ ሴራሚክ (ክሊሩ ላይ የሚቀባ ጠንካራ መከላከያ) ልታስቀቡ ካሰባችሁ ሰም ያለው ነገር መሠረቱን ያበላሻል፤ ሴራሚኩ አይዝም። ቀለም የሚቀባ ጋራዥ ከሆነም ሲሊኮን ጠላት ነው። አዲሱ ቀለም ላይ ትናንሽ ክብ ጉድጓዶች ያወጣል።

ዋጋን በጠርሙስ አትቁጠሩት። በመኪና ቁጠሩት። አንድ ትንሽ መኪና በማሽን አንድ ዙር ለመሥራት 100 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይበቃል። 236 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ሁለት መኪና ይሠራል ማለት ነው። ውድ የመሰለው ጠርሙስ እንዲህ ሲቆጠር ብዙ ጊዜ ከርካሹ ብዙም አይርቅም።

አማራጮቹ

*የሚሞላ ክሬም (ግሌዝ)።* ፋቂ ዱቄቱ በጣም ትንሽ ነው፤ ወይም ጭራሽ የለውም። ሥራው መሙላትና ማብለጭለጭ ነው። የእንግሊዙ ኦቶግሊም ሱፐር ሬዚን ፖሊሽ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስሙ ፖሊሽ ይላል፤ የሚሠራው ግን በአብዛኛው ቀለል ያለ ጽዳትና መሙላት ነው። በእጅ ይቀባል፤ ክሊር አይጎዳም፤ ማንም ሰው ሊያበላሸው አይችልም። ክፋት የለውም፣ ምን እንደሆነ ካወቃችሁ። ለሠርግ መኪና ማሳመር ቢሆን፣ ወይም ክሊሩ አንሶ ተጨማሪ መፋቅ የማይችል አሮጌ መኪና ቢሆን፣ እኔ ራሴ ይህንን ነው የምመክረው። ጭረት ያጠፋል ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ግን እውነቱን አልነገራችሁም።

*ሁሉ በአንድ (ክሊነር ዋክስ)።* ትንሽ ይፍቃል፣ ትንሽ ይሞላል፣ ከላይ ሰም ይተዋል። በአንድ ሥራ ሦስት ነገር። ቀኑን ሙሉ መሥራት ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በእጅ ሲሠራ ከቀላሉ ጭረት ጥቂቱን ይቀንሳል። በማሽን ሲሠራ ግማሹንና ከዚያም በላይ ሊያነሳ ይችላል። የቀረውን ሰሙ ይሸፍነዋል። ሴራሚክ ለሚያስቀባ ሰው አይሆንም። ለሲልቨር ቪትዝ ግን ብዙ ጊዜ ከበቂ በላይ ነው።

*ረቂቅ ፖሊሽ (ፊኒሺንግ)።* የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይህ ነው። ፋቂ ዱቄቱ ረቂቅ ነው፤ የሚተወው ገጽ ንጹህ ነው። ለቀላል የእጥበት ጭረት የተሠራው እሱ ነው። የሜጓየር 205፣ የሜንዜርና 3500፣ የስሪኤም ሰማያዊ ክዳን ከዚህ ቤተሰብ ናቸው። ለስላሳ ክሊር ላይ በማሽን ሲሠራ ጭረቱን በአንድ ደረጃ ያነሳል። ጠንካራ ክሊር ላይ ግን ሊያቅተው ይችላል። ታሻላችሁ፣ ታሻላችሁ፣ ያብለጨልጫል፤ ጭረቱ ግን እዚያው ነው።

የክሊር ጥንካሬ የሚለየው እዚህ ጋ ነው። በጥቅሉ የጃፓን መኪኖች ክሊር ለስለስ ይላል፤ የጀርመኖቹ ጠንከር ይላል። ከለስላሶቹም የቶዮታ ጥቁር፣ ኮዱ 202 የሆነው፣ በባለሙያዎች ዘንድ በጣም የታወቀ ነው። ፎጣ ያለፈበት ይጫራል። የቀለሙን ኮድ በሹፌሩ በር መቃን ላይ ወይም ኮፈኑ ውስጥ በተለጠፈው ትንሽ ብረት ላይ ታገኙታላችሁ። የእኔዋ 202 ናት። ያኔ ላቫጆው ላይ የተቀባባት ወፍራም ክሬም ለዚህ ቀለም ፈጽሞ አይገባም ነበር። በኋላ ራሴ በረቂቅ ፖሊሽና በለስላሳ የማሽን ስፖንጅ ሠራኋት። የማሽኑ ማዕበልም የሸረሪት ድሩም በሁለት ዙር ወጡ። አልኮል ረጭቼ አየሁት፤ አልተመለሱም። የጠርዟ ቦታ ግን እስከ ዛሬ አለች።

*መካከለኛ ፖሊሽ (አንድ ደረጃ)።* ከረቂቁ ይበልጥ ይፍቃል፤ ሲጨርስ ደግሞ ደህና ገጽ ይተዋል። የሶናክስ ፐርፌክት ፊኒሽና የሜንዜርና 2500 ዓይነቶቹ ናቸው። ለጠንካራ ክሊር፣ ለነጭና ለሲልቨር፣ እንዲሁም ጊዜ ለሌለው ሰው ተመራጭ ነው። ጠንከር ያለ ጭረት ከቀላሉ ጋር ተቀላቅሎ ካለም ይህ ያግዛል። ለስላሳ ጥቁር ላይ ቀጭን ጭጋግ ሊተው ይችላል፤ ያኔ ከላዩ ረቂቁን አንድ ዙር መጨመር ነው። የላቫጆ ሥራ ለሚሠራ ሰው አንድ ጠርሙስ ብቻ ግዛ ቢሉኝ የምገዛለት ይህንን ነው።

*ኮምፓውንድ።* የተሠራው ለከባድ ሥራ ነው። አዲስ የተቀባ መኪና በብርጭቆ ወረቀት ከተፈገ በኋላ የወረቀቱን ጭረት ለማንሳት ነው። የስሪኤም አረንጓዴ ክዳንና የሜጓየር 105 እዚህ ናቸው። ቀላል ጭረት ያነሳል? አዎ፣ ያነሳል። ግን ከሚያስፈልገው በላይ ክሊር ይዞ ይሄዳል፤ የራሱንም ጭረት ይተዋል። ከዚያ እሱን ለማንሳት ሁለተኛ ፖሊሽ ትገዛላችሁ። ኮምፓውንድ ብቻውን ተደርጎ «አለቀ» የተባለ ጥቁር መኪና ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

*የጥርስ ሳሙና።* ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው። በውስጡ ፋቂ አለ፤ ስለዚህ አንዲት ጭረት ላይ ለውጥ ታያላችሁ። ግን ለጥርስ የተሠራ ፋቂ ነው፤ መጠኑም የተመረጠው ለክሊር አይደለም። ጥቁር ላይ ጭጋግ ይተዋል። ለመኪና አይሆንም።

በአጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | ጭረቱን | በእጅ | የሚወስደው ክሊር | ጥቁር ላይ የሚተወው | ወጪ በመኪና |
|---|---|---|---|---|---|
| የሚሞላ ክሬም | ይደብቃል | በጣም ይመቻል | የለም ማለት ይቻላል | የሚያምር፣ ግን የማይቆይ | ዝቅተኛ |
| ሁሉ በአንድ | በከፊል ያነሳል፣ በከፊል ይደብቃል | ይሄዳል | በጣም ጥቂት | ደህና | ዝቅተኛ |
| ረቂቅ ፖሊሽ | ለስላሳ ክሊር ላይ ያጠፋል | እንደ ዓይነቱ፣ በድካም | ጥቂት | በጣም ንጹህ | መካከለኛ |
| መካከለኛ ፖሊሽ | አብዛኛውን ያጠፋል | አይመከርም | መካከለኛ | ቀጭን ጭጋግ ሊኖር ይችላል | መካከለኛ |
| ኮምፓውንድ | ያጠፋል፣ አዲስ ይፈጥራል | አይመከርም | ብዙ | ጭጋግና ማዕበል | ሁለተኛ ፖሊሽ ስለሚያስፈልገው ከፍተኛ |

ቁጥሩና ክዳኑ እንዳያሳስቷችሁ

ፋብሪካዎቹ ተስማምተው አይቆጥሩም። ሜንዜርና ላይ ቁጥሩ ሲያድግ ፖሊሹ ይረቃል፤ 400 ኃይለኛ ነው፣ 3500 ረቂቅ ነው። ሶናክስ ደግሞ ሁለት ቁጥር ይጽፋል። 04/06 ካለ የመጀመሪያው የመፋቅ ኃይሉ ነው፣ ሁለተኛው የሚሰጠው ብርሃን። እዚያ የመጀመሪያው ቁጥር ሲያድግ ይበልጥ ይፍቃል። ሜጓየር ላይ 105ና 205 ስም ናቸው እንጂ መለኪያ አይደሉም። ስሪኤም በክዳን ቀለም ይለያል፤ አረንጓዴው ይፍቃል፣ ቢጫው መካከል ነው፣ ሰማያዊው የመጨረሻው ረቂቅ ነው። የአንዱን ብራንድ ቁጥር ይዞ ከሌላው ጋር ማወዳደር ስህተት ውስጥ ይከታል።

ማሽኑና ስፖንጁ ግማሹ ሥራ ነው

ያው ፖሊሽ በጠንካራ ስፖንጅ ኃይለኛ ይሆናል፤ በለስላሳ ስፖንጅ ረቂቅ ይሆናል። ስለዚህ ረቂቅ ፖሊሽ አልበቃ ካላችሁ ወዲያው ሌላ ጠርሙስ አትግዙ። መጀመሪያ ስፖንጁን አንድ ደረጃ ጠንከር ወዳለው ቀይሩ። ስፖንጅ ከፖሊሽ ይረክሳል።

ማሽን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ባለበት ክብ የሚሽከረከር ነው፤ እኛ ጋ ጋራዡ ሁሉ የሚጠቀመው እሱን ነው። ፈጣን ነው፤ ግን አንድ ቦታ ካቆያችሁት ያግላል፣ ጠርዝ ላይ ክሊር ይበላል፣ ማዕበሉንም የሚተወው እሱ ነው። ሁለተኛው ዱዋል አክሽን ይባላል። እየተሽከረከረ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። ብዙው ዓይነት አጥብቃችሁ ስትጫኑት መሽከርከሩን ያቆማል፤ ለጀማሪ መጠበቂያው ይኸው ነው። ለራሳችሁ መኪና የምትገዙ ከሆነ ዱዋል አክሽኑን ግዙ።

ዘመድ ከአሜሪካ ማሽን ሊያመጣላችሁ ከሆነ አንድ ነገር አስታውሱት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የኛ 220 ነው። ያለ ትራንስፎርመር ብትሰኩት በደቂቃ ይቃጠላል። ከዱባይና ከአውሮፓ የሚመጣው በቮልት በኩል ችግር የለውም። ባትሪ ያለውም ቢሆን ቻርጀሩን ገልብጣችሁ አንብቡ።

በእጅ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ። ኮፈን አንድ ብቻ ሙሉ ከሰዓት ይፈጃል። ክንድ ይዝላል። ውጤቱም የማሽኑን ግማሽ ቢያክል ነው። አንድ በር እጀታ ሥር ያለውን የጥፍር መጫሪያ ለማንሳት ግን እጅ በቂ ነው።

ለማን የትኛው?

ሲልቨር ወይም ነጭ ቪትዝ፣ ያሪስ ይዛችሁ ታክሲ የምትሠሩ ከሆነ፦ ሁሉ በአንድ። መኪናው ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነው፣ ጭረቱ ይመለሳል፣ ቀለሙም ብዙ አያሳይም። በዓመት አንዴ ሁለቴ ብትሠሩት ይበቃል። ብራችሁን ጥሩ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ላይ አውሉት።

ጥቁር ቶዮታ ካላችሁ ረቂቅ ፖሊሽ፣ ለስላሳ ስፖንጅ፣ ዱዋል አክሽን። ማሽን ከሌላችሁ ለአንድ ቀን ተከራዩ ወይም ማሽኑ ያለውን ሰው ፈልጉ፤ ጠርሙሱን ግን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ሰውየው መጀመሪያ ቅር ይለዋል፤ ሲያየው ግን ስሙን ይመዘግባል።

የጀርመን መኪና ያላችሁ ከመካከለኛው ጀምሩ። ረቂቁን ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ቀኑ ይመሽባችኋል።

መኪና ልትሸጡ ከሆነ ሁሉ በአንዱ በቂ ነው። የሚሞላ ክሬም ብቻ ቀብቶ ጭረት የለውም ማለት ግን የገዢውን እምነት መብላት ነው። እንዲያውም ገዢ ከሆናችሁ ያቺን የአልኮል ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ።

ሴራሚክ ልታስቀቡ ከሆነ ሰምና ሲሊኮን የሌለው ረቂቅ ወይም መካከለኛ ፖሊሽ ብቻ። ጠርሙሱ ላይ «ሲሊኮን ፍሪ» የሚለውን ፈልጉ።

ክሊሩ ቀደም ብሎ ብዙ ጊዜ የተፈጋ አሮጌ መኪና፣ ወይም ታሪኩን የማታውቁት ከሆነ፣ የሚሞላ ክሬም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለንን መኪና ረጅም ዓመት ነው የምንይዘው። ዛሬ የተፈጋ ክሊር ለሚመጣው አምስት ዓመት አይኖርም። ጥቂት ጭረት ይዞ መኖር አንዳንዴ ትክክለኛው ምርጫ ነው።

መኪናውን በሙሉ ከመንካታችሁ በፊት

ጥላ ውስጥ ሥሩ። ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት፤ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ ፖሊሹ ሳይሠራ ይደርቃል፤ ጠዋት ማለዳ ይሻላል። መኪናው በደንብ ታጥቦ አቧራ የሌለው መሆን አለበት። ጠርዞቹንና ጥቁር ፕላስቲኮቹን ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ክሊር ጠርዝ ላይ ከሁሉም ቦታ ይሳሳል፤ የእኔ ኮፈን የተበላውም እዚያ ነው።

ኮፈኑ ላይ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ቦታ ለዩ። ስፖንጁ ላይ የሽምብራ ፍሬ የሚያህሉ ሦስት አራት ጠብታዎች አድርጉ። ማሽኑን ሳታስነሱ ቦታው ላይ አዳርሱት፤ አለበለዚያ ግድግዳው ሁሉ ፖሊሽ ይሆናል። ከዚያ አስነሱና በቀስታ፣ አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ከላይ ወደ ታች፣ አራት አምስት ጊዜ አሳልፉ። ቀስ ማለት ማለት በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ከምታስቡት በላይ ዝግ ያለ ነው። ፖሊሹ ነጭነቱ ጠፍቶ እንደ ቀጭን ዘይት ሲሆን አቁሙ። ጥረጉት። አልኮሉን ርጩ። በስልክ ባትሪ እዩት።

ጭረቱ ከሄደና ገጹ ጥርት ካለ ምርጫችሁ ትክክል ነው፤ በዚያው ቀጥሉ። ጭረቱ ግማሹ ከቀረ ስፖንጁን ቀይሩ፣ ካልሆነ አንድ ደረጃ ኃይለኛ ፖሊሽ። ጭረቱ ሄዶ ጭጋግ ከቀረ ከላዩ ረቂቅ ጨምሩ። ከጨረሳችሁ በኋላ ሰም ወይም ሌላ መከላከያ መቀባት አትርሱ፤ የተፈጋ ክሊር ላይ ያለፈው መከላከያ ሁሉ ተነስቷል።

ሱቅ ስትገቡ

ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ ጠርሙሱን ነቅንቁት። ዱቄቱ ታች ረግቶ እንደ ጭቃ ደርቆ ከሆነ ተዉት። ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ተገልብጦ «ኦሪጅናል ነው» የሚባለውን አትግዙ፤ ኮምፓውንድ ይሁን ረቂቅ በዓይን አይለይም። ጠርሙሱ ላይ ጭረቱን «ያስወግዳል» ይላል ወይስ «ይሸፍናል»? ለእጅ ነው ወይስ ለማሽን? ሰም አለው? እነዚህን ሦስቱን ሻጩን ጠይቁት። መልስ ካላገኛችሁ ትንሹን ጠርሙስ ብቻ ግዙና ኮፈኑ ላይ ያችኑ 40 በ40 ቦታ ሞክሩ።